ኦንክዮ 609፦ ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ሆም ቲያትር ጎንደር ላይ ይገዛል?

ድምፁ ግሩም ነው፣ ዲጂታል ቦርዱ ግን የታወቀ በሽታ አለበት። ያገለገለ ኦንክዮ ቲኤክስ-ኤንአር609 ሊገዛ ያሰበ ወይም ቤቱ ገዝቶ ድምፅ አልባ የሆነበት ሰው ይህን ይዞ ይነሳ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ባለ 7.2 ቻናል (ሰባት ስፒከርና ሁለት የባስ ሳጥን የሚያስተናግድ) ሪሲቨር፣ ማለትም ድምፅ ተቀብሎ አጉልቶ ለስፒከሮች የሚያከፋፍል ዕቃ ነው፤ የዲሽ ሪሲቨር አይደለም። ስድስት የኤችዲኤምአይ መግቢያ (አንዱ ከፊት) እና አንድ መውጫ አለው። 4ኬ ኤችዲአር ምስል አያሳልፍም። ስለዚህ አዲስ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ምስሉን ቀጥታ ከቴሌቪዥኑ አገናኝቶ ድምፁን ብቻ በኦፕቲካል ገመድ ወደ ሪሲቨሩ ይመልስ። የማጉያው ክፍል ግን ዛሬ በዚያ ገንዘብ ከሚገኙት ቀላል ሳውንድባሮች ጋር አይወዳደርም፣ በጣም ይበልጣል።

መጀመሪያ ጀርባውን አንብቡ። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» የሚል ከሆነ የአሜሪካ ነው፣ ቮልቴጅ መቀየሪያም የለውም። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በቀጥታ የተሰካ እንደሆነ ቀድሞ የሚመታው ሪሞት ሲጠባበቅ የሚሠራው ትንሹ የስታንድባይ ፓወር ነው። ዋናው ትራንስፎርመር በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ) ስለሚገናኝ ማብሪያው ካልተጫነ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ስለዚህ «220 ላይ ተሰክቶ ሞተ» የተባለ ዕቃ ወዲያው አይጣል። ፊውዙን ለኩ፣ ቀጥሎ የስታንድባዩን መግቢያ ለኩ። ፊውዝ ሲቀየር በላዩ የተጻፈው አምፔር ይጠበቅ። በቀጭን ሽቦ ጠቅልሎ መመለስ እዚህ እንደ ጥገና ይቆጠራል፤ ቀጣዩ የሚቃጠለው ግን ትራንስፎርመሩ ነው።

ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዴታ ነው። አቅሙን ከሪሲቨሩ ጀርባ አስሉት፦ 5 አምፔር የሚል ከሆነ በ120 ሲባዛ 600 ይመጣል፣ እንግዲያው 1000 ቪኤ (ቮልት በአምፔር ሲባዛ) ያዙ። ካርቶኑ ላይ 1000 ተጽፎ በሁለት ጣት የሚነሳውን አትመኑ፣ እውነተኛው ብረትና መዳብ ስለሆነ ይከብዳል። ለፀጉር ማድረቂያና ለካውያ ተብሎ ከአሜሪካ የሚመጣው፣ 1600 ዋት የተጻፈበት እፍኝ የምታክል መለወጫ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ሞገዱን እየቆራረጠ ነው የሚያወርደው፣ ለሙቀት መስጫ ሽቦ እንጂ ለኤሌክትሮኒክስ አልተሠራም።

የድግግሞሹም ነገር አለ። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ብረቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። 110 ቮልት ከተሰጠው ጭማሪው 10 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ይችለዋል። 120 ከተሰጠው 20 በመቶ ይሆናል፣ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል። የሰፈሩ መብራት ሌሊት 240 ሲደርስ ማውረጃው 120 መስጠት ይጀምራል። ስለዚህ ከማውረጃው በፊት ስታብላይዘር (ቮልቴጅ የሚያረጋጋ ዕቃ) ይግባ፣ የማዘግያ ሰዓት ያለው ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው ዕቃ የሚገድሉት።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ። ኦንክዮ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2012 ባወጣቸው ብዙ ሞዴሎች ላይ ድምፅና ኔትወርክ የሚጠፋ ችግር ታይቶ፣ 609ን ጨምሮ እስከ 2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በነፃ ይጠግን ነበር። ያ ጊዜ አልፏል፣ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2022 ጃፓን ውስጥ ኪሳራ አውጇል። ጥፋቱ ያለው ድምፁን በሚያቀናብረው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ ላይ ነው፣ በላዩ ዲ830ኬ013 ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አለ። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ይበራል፣ ስክሪኑ ይጽፋል፣ ቮሉም ቁጥሩ ይወጣል ይወርዳል፣ ግን ከየትኛውም መግቢያ ድምፅ የለም። ሬዲዮውም ዝም ይላል፣ ኔትወርኩም አይገኝም። ሁሉም ድምፅ በዚያ ቺፕ ስለሚያልፍ ገመድ መቀያየር ጥቅም የለውም። ሬዲዮው እየሰማ ከኤችዲኤምአይ ብቻ ድምፅ ከጠፋ ግን ይህ በሽታ አይደለም፣ ገመዱንና የዲኮደሩን የድምፅ ሴቲንግ እዩ።

ከመክፈት በፊት ሪሴት አድርጉት። በርቶ ሳለ ከፊት ያለውን «ቪሲአር/ዲቪአር» የሚለውን ተጭናችሁ እንደያዛችሁ ማብሪያውን ተጫኑ። ስክሪኑ «ክሊር» ብሎ ይጠፋል። ስፒከሮች በሴቲንግ ተዘግተው ወይም ሰው ነካክቶት ከነበረ በዚህ ይመለሳል።

ካልተመለሰ ከሶኬት ነቅላችሁ ክዳኑን አንሱ። ሁለቱ ትልልቅ ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም በአሥሮች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ይቆያሉ። በካቻቢቴ ማስነካት ብልጭታ ከማውጣቱም በላይ እግራቸውን ይጎዳል። 1 ኪሎ ኦህም፣ 10 ዋት ሪዚስተር በሁለቱ እግር ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይዛችሁ በቴስተር አረጋግጡ። ከዚያ ከኤችዲኤምአይ ሶኬቶቹ ጋር የተያያዘውን ሰፊ ቦርድ ፈልጉ፣ ቺፑ እዚያ ላይ ነው። በፀጉር ማድረቂያ ከአንድ ስንዝር ርቀት ጥቂት ደቂቃ አሙቁት፣ ከዚያ ክዳኑን መልሳችሁ አብሩ። ድምፅ ከመጣ ምርመራው አለቀ፣ ቺፑ ነው። መዳን ግን አይደለም፤ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፒያሳ ያሉ የሞባይል ጥገና ቤቶች ሆት ኤር ስላላቸው ቺፑን በሙቀት ነፋስ መትተው «ተሠራ» ይላሉ። እንደገና ማቅለጥ የፀጉር ማድረቂያው ትልቅ ወንድም ነው። ትክክለኛው ሥራ ቺፑን አንስቶ አዲስ መትከል ነው። ከሥሩ 256 የሶልደር (የብየዳ) ኳሶች አሉት። ቦርዱ ትልቅ ስለሆነ ከላይ ብቻ በሞባይል ሆት ኤር ቢሞቅ ይጣመማል፣ ከታችም እስከ 150 ዲግሪ የሚያሞቅ ጠረጴዛ ያስፈልገዋል። እርሳስ አልባ ሶልደር የሚቀልጠው 217 ዲግሪ ላይ ነው። ባለሙያውን ከዋጋ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ከታች ማሞቂያ አለህ? አዲስ ቺፕ ነው የምትተክለው ወይስ ያንኑ ትመልሳለህ? «ያንኑ» ካለ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሌላው ብልሽት ፕሮቴክሽን (ራሱን ለመጠበቅ መጥፋት) ነው፤ በርቶ ስፒከሮቹን የሚያገናኘው ሪሌ «ቀጭ» ሳይል በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል። ይህ ለየትኛውም ብራንድ አንድ ነው። መጀመሪያ የስፒከር ገመዶችን በሙሉ ንቀሉና አብሩ። ካልጠፋ ጥፋቱ ውጭ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከጀርባ አፈንግጣ ጎረቤቷን የነካች አንዲት የሽቦ ክር ናት። ስፒከሩንም በቴስተር ለኩ፦ ባለ 8 ኦህም 6 አካባቢ ያሳያል፣ 3 ካሳየ ባለ 4 ነው፣ ለዚህ ሪሲቨር ይከብደዋል። ስፒከር ሳይኖረውም ከጠፋ ጥፋቱ ውስጥ ነው። በሂትሲንኩ (ሙቀት በሚያስወጣው ብረት) ላይ የተደረደሩትን ትራንዚስተሮች በኮሌክተርና በኤሚተር እግሮቻቸው መካከል ለኩ። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ የሚጠጋ ያሳየው ሾርት ነው። እሱን ብቻ መቀየር አይበቃም፣ ጥንዱንም፣ ከኤሚተሩ ጋር ያለችውን ትንሽ ሪዚስተርም አብራችሁ እዩ፣ አለዚያ አዲሱም አብሮ ይነድዳል። ከሪሌው በፊት ያለው የዲሲ ቮልት ከ50 ሚሊቮልት በታች መሆን አለበት።

ከጥገና በኋላ በቀጥታ አይሰካ። ሁለት ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖሎችን ጎን ለጎን አገናኝታችሁ በ220ው በኩል፣ ከማውረጃው በፊት፣ በተከታታይ አስገቡ። ብልጭ ብለው ከደበዘዙ ሾርት የለም፣ ደምቀው ከቀሩ ወዲያው ንቀሉ። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሠራም፣ አንድ አምፖል ብቻም ቮልቱን በጣም ስለሚያወርደው ሪሲቨሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አይነሳም።

ቮሉም ሲዞር ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ኮንታክት ክሊነር (የመገናኛ ነጥብ ማጽጃ ስፕሬይ) በቂ ነው።

ሙቀት ላይ ግን ጨከን ማለት ያስፈልጋል፣ ቺፑን የሚገድለው እሱ ነውና። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ወደ አንድ አምስተኛ ስለሚሳሳ ያለ ማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ዕቃ እዚህ የበለጠ ይሞቃል። በዚያ ላይ ቡፌ ውስጥ ይቀመጥና ዳንቴል ይለብሳል! ዳንቴሉ ያምራል፣ ግን የላዩን ወንፊት ይደፍናል፣ የበጋው አቧራም ተጣብቆበት እንደ ብርድ ልብስ ይሆናል። ዳንቴሉ ለቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ይሁን፣ ከሪሲቨሩ በላይ 20 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይተው። ባለ 5 ቮልት የዩኤስቢ ፋን በወንፊቱ ላይ አየሩን ወደ ላይ እንዲስብ አድርጋችሁ ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ አገናኙ። ባለ 12 ቮልት የኮምፒውተር ፋን በዩኤስቢ ሁልጊዜ አይነሳም።

ሻጭ ጋ ስትደርሱ መዳፋችሁን ክዳኑ ላይ አድርጉ። አስቀድሞ የሞቀ ከሆነ አጥፉትና ሌላ ጉዳያችሁን ጨርሳችሁ ተመለሱ፣ የተጎዳ ቺፕ ሲሞቅ ጤነኛ መስሎ ይሰማልና ሲቀዘቅዝ አስነሱት። ከዚያ በወንፊቱ በኩል በስልክ መብራት ወደ ሰፊው ቦርድ እዩ። በቺፑ ዙሪያ ቢጫ የሚያጣብቅ የፍላክስ (ለብየዳ የሚቀባ ቅባት) ቅሪት ካለ ሆት ኤር ተመቶበታል ማለት ነው፣ አትግዙት። ንጹሕ ከሆነና ከቅዝቃዜ ተነስቶ ሬዲዮውን፣ ኤችዲኤምአዩንና ኔትወርኩን ግማሽ ሰዓት ሳይቆራርጥ ካሰማ ግዙ፣ ዋጋው ላይ ግን የማውረጃውንና የስታብላይዘሩን ሒሳብ አስቀንሱ። ድምፅ አልባውን ደግሞ በመለዋወጫ ዋጋ ብቻ፣ ያውም ቺፕ የሚቀይር ባለሙያ ካገኛችሁ በኋላ።