ጣት ላይ ያለን ቀለበት ማን ይሸፍናል? የጅማ መድን ቤቶችን ዞሬ ያየሁት

ጅማ ውስጥ ለመኪና፣ ለቡና ጭነትና ለመጋዘን መድን የሚሸጥ ቅርንጫፍ ሞልቷል። «ለቀለበት» ሲባሉ ግን አብዛኞቹ መጀመሪያ ፈገግ ይላሉ፣ ቀጥሎ አለቃቸውን ይጠራሉ። አልፈርድባቸውም፤ ጠያቂው ጥቂት ነው። እኔ በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በወልቂጤ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ የቡና መኪና ቢገለበጥ ምኑ እንደሚከፈልና ምኑ እንደማይከፈል ከውሉ ውስጥ ፈልፍሎ ማውጣት የዘወትር ሥራዬ ነው፤ የራሴን ሁለት ቀለበቶችም በዚያው ዓይን አየኋቸው። አንደኛው ባለ 18 ካራት፣ ትንሽ አልማዝ ያለበት የእጮኝነት ቀለበት ነው። ሁለተኛው ባለ 21 ካራት፣ ጌጥ የሌለው የቃል ኪዳን ቀለበት ነው። ሦስት ኩባንያዎችን አነጋግሬ አንዱን መረጥኩ፣ ካሳም ጠይቄበታለሁ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ለአንባቢ የሚጠቅመው የውሉ ዓይነት ነው።

መድን ቤት ከመሄድ በፊት ወርቅ ቤት መሄድ ግድ ነው። በ2009 ዓ.ም. ቀለበቱ ሲገዛ የተሰጠን ደረሰኝ «የወርቅ ቀለበት፣ 1» ይላል። ግራም የለ፣ ካራት የለ፣ ስለ ድንጋዩ አንድ ቃል የለ። መርካቶ ያሉት የወርቅ ቤቱ ባለቤት አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ደግነው የቀለበቱን ውስጥ አዩ። 750 የሚል ማኅተም አለበት፤ 18 ካራት ማለት ነው። የቃል ኪዳኑ ላይ 875 ተመትቷል፣ ያ 21 ነው። ባለ ድንጋዩ ሲመዘን 4.2 ግራም ሆነ። ከዚያ እስክሪብቶ የምትመስለውን መፈተሻ ድንጋዩ ላይ አሳረፏት፣ ጮኸች። አልማዝ ሙቀትን ፈጥኖ ያስተላልፋል፣ አልማዝ የሚመስለው ዚርኮን ግን አያስተላልፍም፤ መፈተሻዋ የምትለየው በዚህ ነው። ሞይሳናይት የሚባለው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ግን ያታልላታል። ስለዚህ በመነጽሩ ደግመው አዩት፤ ሞይሳናይት ቢሆን ጠርዞቹ ድርብ ሆነው ይታዩ ነበር። ሲጨርሱ «ልጄ፣ ወርቁን ለብቻ፣ ድንጋዩን ለብቻ፣ የእጅ ዋጋውን ለብቻ ልጻፍልሽ፤ በኋላ አይጨቃጨቁሽም» አሉኝ። ወርቁ 62,000፣ ድንጋዩ 70,000፣ የእጅ ዋጋው 16,000፤ በድምሩ 148,000 ብር። ከመድን ሠራተኞች ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው።

የመጀመሪያው ኩባንያ ያቀረበልኝ የስርቆት መድን ነበር። አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ በየዓመቱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ከሦስቱ ሁሉ ርካሽ ነው፤ ለምን እንደረከሰ ለማወቅ ሁለተኛውን ገጽ መግለጥ ይበቃል። ውሉ የሚከፍለው ሌባው በር ወይም መስኮት ሰብሮ፣ ኃይል ተጠቅሞ ሲገባ ነው። የመሰበር ምልክት ከሌለ ካሳ የለም። ቁልፍ አስቀርጾ የገባ፣ እንግዳ ሆኖ መጥቶ መሳቢያ የከፈተ፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ያነሳው፣ ሁሉም ከውሉ ውጪ ናቸው። ቀለበቱም የሚሸፈነው ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ሲቀመጥ ብቻ ነው። ሠራተኛዋን «ጣቴ ላይ ሳለስ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ያኔማ እርስዎ ይጠብቁታል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ታዲያ ጠባቂዋ እኔ ከሆንኩ አረቦኑን የምከፍለው ለማን ነው?

ቀለበት የሚጠፋው ከሌባ ይልቅ በሳሙና ነው። ሰርግ ቤት እጅ ሲታጠቡ ከአረፋው ጋር ይሾልካል፤ ሊጥ ሲቦካ ወልቆ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ለቅሶ ቤት ሽንኩርት ሲከተፍ የጎረቤት መስኮት ላይ ተረስቶ ይቀራል። ይህን የማይሸፍን ውል ለቀለበት የተጻፈ አይደለም።

ሁለተኛው የመኖሪያ ቤት ጥቅል ነው፤ እሳት፣ መብረቅ፣ ጎርፍና ስርቆት በአንድ ውል። ክረምቱ ረጅም በሆነባት ጅማ የጎርፉን ሽፋን አልንቅም፤ ለቤት ዕቃ ጥሩ ውል ነው። ለቀለበት ግን አንዲት አንቀጽ ታበላሸዋለች፦ በስም ያልተዘረዘረ ማንኛውም ነጠላ ዕቃ ከጠቅላላው የመድን መጠን ከ5 በመቶ በላይ አይከፈልበትም። የቤቴ ዕቃ 600,000 ብር ቢገመት ለቀለበቱ የሚደርሰው 30,000 ነው። እንዲህ ያለው ጣሪያ የኛ አገር ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የቤት መድን ለጌጣጌጥ ስርቆት ብዙ ጊዜ 1,500 ዶላር ገደማ ላይ ይቆማል። ሚኒሶታ ያለችው የባለቤቴ እህት ቀለበቷን ለብቻው ያስመዘገበችው ለዚህ ነው፤ እዚያ ዓመታዊ ክፍያው ከዋጋው ከ1 እስከ 2 በመቶ አካባቢ ነው።

የመረጥኩት ሦስተኛውን፣ «ሁሉን ስጋት» የሚሸፍን የሚባለውን ውል ነው። ስሙ ሁሉን ይላል እንጂ የማይሸፍነው ዝርዝር ከሚሸፍነው ይረዝማል፦ በአጠቃቀም ማለቅና እርጅና፣ ለጽዳት ወይም ለጥገና ወርቅ ቤት ሳለ የደረሰ ጉዳት፣ ሰው በሌለበት መኪና ውስጥ የተተወ ዕቃ፣ ከአገር ውጪ የጠፋ። ረቂቁ ላይ «ምክንያቱ ሊገለጽ ያልቻለ መጥፋት» የሚልም ሰፍሮ ነበር። እሱ ካልተሰረዘ አልፈርምም አልኩ። ቅርንጫፉ ዋናውን መሥሪያ ቤት ጠይቆ በተጨማሪ ውል ሰረዘልኝ፤ ላመሰግናቸው ይገባል። አረቦኑ 2 በመቶ፣ ማለትም በዓመት 2,960 ብር ነው። ከእያንዳንዱ ካሳ 10 በመቶውን የምሸፍነው ራሴ ነኝ። ቀለበቱ በውሉ ሠንጠረዥ ላይ በግራም፣ በካራትና በድንጋዩ መጠን ተገልጿል።

የመድን መጠኑን መወሰን ከኩባንያ ምርጫው ይከብዳል። ዛሬም በሥራ ላይ ባለው በ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል መሠረት የዕቃ መድን የማካካሻ ውል ነው፤ ካሳው ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ዕቃው ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። ስለዚህ አጋኖ ማስገመት አረቦን ማባከን ነው። አሳንሶ ማስገመት ደግሞ የባሰ ነው። 120,000 ብር የሚያወጣ ቀለበት በ60,000 መድን ቢገባለትና 20,000 ብር የሚያስወጣ ጉዳት ቢደርስበት፣ ኩባንያው «ግማሹን ነው የሸፈንኩልህ» ብሎ 10,000 ይከፍላል። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ወርቅ የት እንደደረሰ ሁላችንም አይተናል። ከዚያ በፊት የተፈረመና ሳይከለስ የሚታደስ ውል ያለው ሰው ዛሬውኑ ቁጥሩን ይይ። የመድን ሠራተኛ ይህን ብሎ ስልክ ሲደውል አላጋጠመኝም።

ካሳ የጠየቅኩት በድንጋዩ ነው። የመጋዘኑ የብረት በር እጄን ሲመታኝ ድንጋዩን ከያዙት አራት ጥፍሮች አንዱ ተጣመመ፤ አልማዙ ከጆንያ መሐል ገብቶ ቀረ። የዚያኑ ዕለት በስልክ፣ በማግስቱ በጽሑፍ አሳወቅኩ። ስርቆት ስላልሆነ የፖሊስ ማስረጃ አልጠየቁኝም። ኩባንያው የላከው የጉዳት ገምጋሚ ቀለበቱን አገላብጦ «ጥፍሩ አልቆ ነው የወደቀው፣ እርጅና አይሸፈንም» አለ። ወርቅ ቤቱ በየዓመቱ ጥፍሮቹን አጥብቆ የሚሰጠኝን ወረቀት አወጣሁለት፤ የመጨረሻው የተጻፈው ከአደጋው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ዝም አለ። ከዚያም የወር ደጅ ጥናት ተከተለ፤ አንዴ ፈራሚው የለም፣ አንዴ ሲስተም የለም። በመጨረሻ 70,000 ሲቀነስ 10 በመቶ፣ 63,000 ብር ሒሳቤ ውስጥ ገባ። ለውሉ ጥሩ፣ ለመስተንግዶው ደካማ ነጥብ እሰጣለሁ።

የቃል ኪዳኑን ቀለበት መድን አላስገባሁትም፤ ድንጋይ የለው፣ የሚሰበር የለው፣ ቢጠፋም በዚያው ልክ ይሠራል። የባለቤቴ ደግሞ ብር ነው፤ እንደ ብዙ የጅማ ሙስሊም ወንዶች ወርቅ አያደርግም፤ ለብር ቀለበት የሚከፈል አረቦን ወረቀቱን አያወጣም። የመህር ወርቅ ያላቸው ወዳጆቼ በወለድና በመድን ጉዳይ ሲያመነቱ አያለሁ። ታካፉል የሚባለውን፣ በእስልምና ሕግ የሚሠራውን መድን በመስኮት የሚሰጡ ኩባንያዎች አሉና ይጠይቁ፤ «ጣቴ ላይ ሳለስ?» የሚለው ጥያቄ እዚያም መቅረት የለበትም።

አንድ ነገር ገምጋሚውም የቅርንጫፉ ሠራተኞችም አልነገሩኝም፤ ያገኘሁት ከውሉ ነው። ካሳ ከተከፈለ በኋላ የመድን መጠኑ በተከፈለው ልክ ይቀንሳል። የኔ ከ148,000 ወደ 85,000 ወርዶ ነበር፤ አዲሱ ድንጋይ ገብቶ ቀለበቱ ሙሉ ሲሆን ሽፋኑ ግን ጎዶሎ ነው። ለቀሩት አምስት ወራት 525 ብር ጨምሬ ወደ ቦታው አስመለስኩት፤ ደረሰኙን ከወርቅ ቤቱ አዲስ ወረቀት ጋር አያይዤ ለኩባንያው ቅጂውን ሰጥቻለሁ።