አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰላም ወገኖች። በተለይ የደብረ ብርሃንና የአካባቢው ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። እዚሁ ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ ለዓመታት የቆመ፣ መኝታ ያለው ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ከአክስቴ ልጅ ጋር በ420 ሺህ ብር ገዝተን ተበልተናል። እናንተም እንዳትበሉ ነው የምጽፈው።

ጀልባው 6 ሜትር ነው፣ ፋይበርግላስ፣ እኔ ሳልወለድ የተሠራ። ሐሳባችን አይሱዙ ላይ ጭነን፣ ጣርማበርን ወርደን፣ በሸዋ ሮቢትና በደሴ አድርገን ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ማድረስ ነበር። ደግሞም አደረስነው። ሰውዬው ሲያሳየን ነጭ ቀለም ተቀብቶ ያበራል። ደላላው አጠገቡ ቆሞ "ምንም ያልነካው ነው" ይላል። ቀለሙን አይተን አመንን።

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ! የእንዲህ ዓይነት ጀልባ የላይኛው ወለል ብዙ ጊዜ ድፍን ፋይበርግላስ አይደለም። በሁለት ስስ ፋይበርግላስ መሀል እንጨት አለበት፣ ባልሳ ወይም ኮምፖርሳቶ። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ጠንካራ ነው። ግን የገመድ ማሰሪያው፣ መያዣው፣ ሁሉም ወለሉን በስቶ በብሎን ነው የሚታሰረው፣ የቀዳዳው ማሸጊያ በዓመታት ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው ጠብ ጠብ እያለ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፣ ከገባ ደግሞ መውጫ የለውም። የደብረ ብርሃንን ውርጭ ታውቁታላችሁ። ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ይሰፋል። ውርጩ በጠናበት ሌሊት ረግቶ ፋይበርግላሱን ከእንጨቱ ይፈለቅቃል፣ ቀን ይቀልጣል፣ ማታ ደግሞ ይረጋል። የኛው ስንት ክረምትና ስንት ጥቅምት እንዳለፈበት እንጃ።

ሐይቁ ላይ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ። ሸራው ሲወጠር፣ ምሰሶውን በጎን ወጥሮ የሚይዘው ሽቦ የታሰረበት ቦታ ከነወለሉ ተነቅሎ ተነሳ። ምሰሶው ዘመመ። ሸራውን እንደምንም አወረድነው፣ ዓሣ አጥማጆች ደርሰው ወደ ዳር ጎተቱን፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ወለሉን ስንከፍተው እንጨቱ እንደ ጭቃ በእጅ ይዛቅ ነበር። ከላይ ስቱኮ ተሞልቶ ነው ቀለም የተቀባው። ይሄ አለማወቅ አይደለም። ስቱኮ የሞላ ሰው ከሥሩ ያለውን አይቷል።

ስለዚህ ካቻቢቴ ይዛችሁ ሂዱ። በእጀታው ወለሉን በየስንዝሩ አንኳኩ። ጤነኛው ጠንከር ያለ ድምፅ አለው፣ የበሰበሰው ዱብ ዱብ ይላል። በተረከዛችሁ ጫን እያላችሁ ተራመዱበት፣ ረገብ ካለ ተዉት። ከዚያ አንድ ሁለት ባልዲ ውሃ አስደፉበትና ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ብሎኖቹን በባትሪ እዩ። ባለቤቱ "ቀለሙ ይበላሻል" ብሎ ከከለከላችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።

የሸራውን ስፌት በጥፍር ጫር አድርጉት። ፀሐይ ቀድማ የምትበላው ክሩን ነው። ሽቦዎቹ ላይ ጥጥ አሂዱ፣ ጥጡ ከተያዘ የተበጠሰ የሽቦ ክር አለ። ሞተሩን በርሜል ውሃ ውስጥ አስነስተው ያሳዩአችኋል፣ ጭነት ስለሌለበት ግን ስለ ጉልበቱ ምንም አይነግራችሁም። ሐይቁ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ተራ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያጣ ባለ 5 ፈረስ ጉልበት ያሏችሁን 4 ብላችሁ ያዙት።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ዲክላራሲዮኑን፣ ማለትም የጉምሩክ ወረቀቱን፣ በዓይናችሁ ሳታዩ ቀብድ እንኳ አትስጡ። እኛን "ይመጣል" ብሎን እስካሁን አልመጣም። ውሉንም ቃል በቃል አንብቡት። የኛ ላይ "አይቼና ወድጄ ተረክቤአለሁ" የሚል ነበረበት፣ ፈርመናል፣ አሁን ገንዘባችንን ስንጠይቅ እሷን ነው የሚያነብልን። ቢያንስ ግማሹን ብር ጀልባው ውሃ ላይ ወጥቶ ሸራው እስኪወጠር ድረስ ያዙ። እሺ ካላለ ምክንያት አለው።

ያው ሰውዬ ሌላ ጀልባ ቀለም እያስቀባ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ጀልባ እንድታዩ ከተጠራችሁ ጻፉልኝ። ቅዳሜ ወይም እሁድ ከሆነ ባልዲና ካቻቢቴ ይዤ አብሬያችሁ እመጣለሁ።