ለጥቁር አንበሳ የጨረር ክፍል ሠራተኞች፦ እናቴን ስላከማችሁልኝ

ይህን ለመጻፍ የእናቴን የመጨረሻ ጨረር ስጠብቅ ነበር። ትናንት 25ኛውን ጨርሳ ወጣች። ነጠላዋን አስተካክላ «በቃ፣ ወደ ቤቴ» አለችኝ።

እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ሕመሟ የማህፀን በር ካንሰር ነው። የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት በኋላ ደም ሲታያት አፍራ ለማንም ሳትናገር ቆየች። ኋላ የወሰድኳት አንድ ክሊኒክ «ኢንፌክሽን ነው» እያለ መድኃኒት ሲቀያይር ወራት አለፉ። የማህፀኗን በር ግን ማንም አላየውም። ባዮፕሲ፣ ማለትም ከማህፀኗ በር ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ የሚደረገው ምርመራ፣ የተሠራላት ሌላ ቦታ ነው። ውጤቱንና ሪፈሩን ይዘን ጥቁር አንበሳ ሄድን።

ስንገባ ፈርቼ ነበር። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። ዛሬም ኮሪደሩ ላይ የምታገኙት ሰው ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል እናቴን ማን ልብ ይላታል አልኩ።

ልብ አሏት። ጨረሩ በየቀኑ እዚያው ቦታ እንዲያርፍ ሆዷና ዳሌዋ ላይ በማርከር መስመር አሠመሩላት። እሷ ታዲያ ምልክቱ እንዳይጠፋ ብላ ገላዋን መታጠብ ተወች። ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም። የደረሰበት የጨረር ባለሙያው ነው። ወጣት ልጅ ነው። ዝቅ ብሎ «እናቴ፣ ውሃ ያፍስሱበት። ማሸት ብቻ ነው የማይሆነው። ከደበዘዘ እኔ አደምቅልዎታለሁ» አላት።

ውሃ ጠጥታ፣ ሽንቷን ይዛ እንድትገባ ሲነግራትም ምክንያቱን አልደበቃትም። ብጣሽ ወረቀት ላይ ፊኛና አንጀት ሣለላት። ፊኛ ሲሞላ አንጀቱን ገፋ አድርጎ ከጨረሩ ያርቀዋል። በሦስተኛው ሳምንት እናቴ የሃይላንድ ውሃዋን ይዛ አዲስ ለመጡት ሴቶች ያንኑ ስታስረዳ አገኘኋት! አንዷ ከባሌ የመጣች ናት፤ በማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ ማረፊያ ነው የምታድረው። አዲስ አበባ ዘመድ ለሌለው ሰው ያ ማረፊያ ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ ነው የገባኝ።

ጨረሩ ከሰኞ እስከ አርብ፣ ኬሞው፣ ማለትም በደም ሥር የሚሰጠው የካንሰር መድኃኒት፣ ደግሞ በሳምንት አንዴ ነበር። ሲስተሮቹ የደሟንና የኩላሊቷን ውጤት ሳያዩ ኬሞ አልሰቀሉላትም።

ሆስፒታሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ስለሆነ ሬዚደንቶች፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩ ሐኪሞች፣ ከበው ያዩሻል። ይህ የማይመቸው ሰው አለ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ሐኪሟ ግን መጀመሪያ እናቴን ጠየቋት፦ «ልጆቹ ከእርስዎ ሊማሩ ነው፤ ይፈቅዳሉ?» «ይማሩ እንጂ! ነገ የሚያክሙን እነሱ አይደሉ?» አለች። ከዚያ በኋላ አንዲት ሬዚደንት በየሳምንቱ ሳትጠራ እየመጣች ታያት ነበር።

የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብም መቀመጫው እዚያው ነው። በከተማዋ ማን በየትኛው ካንሰር እንደታመመ ከአሥር ዓመት በላይ ሲመዘግብ ቆይቷል። አሰልቺ ሥራ ይመስላል። በሴቶቻችን ላይ የጡትና የማህፀን በር ካንሰር እንደሚበዛ የምናውቀው ግን እንዲህ እየተቆጠረ ነው።

ሕመሙ ካለባችሁ ወይም የምታስታምሙት ሰው ካለ፣ ሪፈር አጽፋችሁ ሂዱ። የባዮፕሲውን ውጤት እንዳትረሱ። ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ያዙ፤ ይመልሱላችኋል።

ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እህቶቼ ደግሞ ሳትታመሙ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ አድርጉ። ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ቀብተው ያያሉ፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ሴት ልጅ ያላችሁም የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው የኤች ፒ ቪ ክትባት አያምልጣት። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲጀመር «ለምን?» ብለው ከጠየቁት አንዷ እናቴ ነበረች። ዘንድሮ የእህቴን ልጅ ራሷ ነች ይዛት የሄደችው።

የባለሙያዎቹን ስም ሳላስፈቅድ አልጽፍም። እነሱ ግን ራሳቸውን ያውቃሉ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የክትትል ቀጠሯችን ከሦስት ወር በኋላ ነው። እናቴ ለዚያ ልጅ ድፎ ዳቦ ደፍታ ልትሄድ ከአሁኑ ቀን እየቆጠረች ነው።