አቶቴ ላለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ልጅ ምስጋና አለኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን የሐዋሳ ልጆች፣ በተለይ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ያላችሁ እናቶችና አባቶች። እኔ እዚህ ላይ የምለጥፈው የበርበሬና የሽሮ ፎቶ እንደሆነ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን የሰው ውለታ አለብኝና በደንብ ልጽፍ ነው። ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

አቶቴ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ሲባል ጫማ ሰፊው አጠገብ ሰማያዊ በር ያላት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለች። የማመሰግነው እዚያ የምትሠራዋን ልጅ ነው። ስሟን ልጽፍ ፈቃድ ስጠይቃት «እትዬ በሞቴ፣ ስሜን ይተዉት» አለችኝ፤ ስለዚህ ትቼዋለሁ። ሰማያዊ በር ካላችሁ ግን አትሳሳቱም።

የመጀመሪያ ልጄ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። ግቢ ውስጥ የሴት ተማሪዎችን ክበብ ትመራለች። ስብሰባ፣ መዋጮ፣ የንጽሕና መጠበቂያ ማሰባሰብ፣ አዲስ የገቡትን መቀበል፣ ሁሉም እሷ ላይ ነው። እኔ አንዳንዴ «መቼ ነው የምታጠኚው?» እያልኩ እቆጣለሁ፤ ውጤቷ ግን አንድም ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። ታዲያ ከውጭ አገር ለተማሪዎች የሚሰጥ የአመራር ሥልጠና አለ ተብሎ መምህሯ ነገራት። ወጪውን የሚችሉት እነሱ ናቸው፣ ፓስፖርትና የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ አዘጋጂ አላት። ቤቱ ሁሉ ሌላ ወሬ የለውም ነበር። ትንሹ ወንድሟ ሳይቀር «እህቴ ባለሥልጣን ልትሆን ነው» እያለ ሰፈሩን አዳረሰው።

አሁን የሚያበሳጨኝን ልናገር፤ የማንንም ስም አልጠራም፣ ፈጣሪ ያውቃቸዋል። ልጄ ጽሑፉን ሁሉ በስልኳ ጨርሳ፣ ፎርሙን ለማስሞላት፣ ወረቀቶቹን አስካን ለማስደረግና ለመላክ መሐል ከተማ ወዳለ አንድ ኢንተርኔት ቤት ሄደች። በጠዋት ነው የሄደችው። «ዛሬ ነው የሚዘጋው» አለችው። ሰውየው ብሩን ተቀብሎ ገጹን አየና «12 ሰዓት ነው የሚለው፣ ምሽት 12 ገና ነው፣ እኔ ጋ ተይው» አላት። እሷ «የእነሱ ሰዓት ይሆናል እኮ» ብትለው «እኔ ነኝ በየቀኑ የምሠራው ወይስ አንቺ?» ብሎ አፏን አስያዛት። የሠርግ ካርድ ሲያትም ዋለ። አሥር ሰዓት አልፎ ፎርሙን ሞልቶ ሊልከው ሲል ተዘግቷል። 12 የተባለው ለካ የለንደን እኩለ ቀን ኖሯል፤ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው።

ይቅርታ እንኳን አላለም። «ሲስተሙ ነው» አለ። ብሩን መልስ ስንለው «እሱ የልፋቴ ነው» አለን። የቱ ልፋት ነው? ልጄ የዛን ዕለት ማታ ምግብ አልቀመሰችም። እኔም ደሜ ፈልቶ አደረ።

በዚህ አላበቃም። የተቸገረ ሰው ሲያዩ የሚሰበሰቡ አሉ። አንዱ ደግሞ በዘመድ በኩል ተዋወቀንና «ሰው አለኝ፣ አስከፍተዋለሁ» አለ። 15 ሺህ ብር ጠየቀ። ባይሆንም ሌላ ላስመዘግባት ብሎ የማንዴላ ዋሽንግተን ፌሎውሺፕ የሚባለውን የአሜሪካ መንግሥት የአፍሪካ ወጣት መሪዎች ሥልጠና ጠራልኝ፤ ስሙ ትልቅ ስለሆነ እኔም ልቤ ደነገጠ። ከዚያ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሐኪም ወረቀት ይውጣላት፤ የዛን ቀን ሆስፒታል ተኝታ ነበር እንበል፣ ያዝኑላታል» አለኝ። ወረቀቱንም ራሱ ያስጽፋል፤ በሌላ ብር! በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳን ሆስፒታል ያልተኛች ልጄን ሊያስተኛት። ደብዳቤ እንዲታደስልን የሄድንበት ቢሮ ደግሞ «ነገ ነይ» ሲል፣ ነገ ሲሆን «ኃላፊው ስብሰባ ነው» ሲል ከረመ። ስለዚህኛው ባልናገር ይሻላል፣ ምላሴን እነክሳለሁ።

ሽሮ የምትገዛኝ አንዲት ደንበኛዬ ናት ያዳነችኝ። ሚዛን ላይ ስመዝንላት ፊቴን አይታ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ፤ ዘረገፍኩላት። «አቶቴ ያለችውን ልጅ ሳታናግሪ ለማንም ብር እንዳትሰጪ» አለች። ልጄን ይዤ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ስንደርስ ከቱላ በኩል የመጡ አንድ አባትን በሲዳምኛ እያወራች የሆነ ቅጽ ትሞላላቸው ነበር። እኔ ቸኩያለሁ፣ በር ላይ ቆሜ እቁነጠነጣለሁ። አላየችንም እንዳትሉ አየችን፤ ወንበር በእጇ አመልክታ ወደ ሽማግሌው ተመለሰች። የጻፈችውን ሁሉ አንብባላቸው፣ የቱ ቢሮ የቱ መስኮት እንደሚሄዱ ነግራቸው፣ በር ድረስ ሸኘቻቸው። እኔ በዚያች ቅጽበት ነው ልቤ ያረፈው። እኒያን አባት ያላመናጨቀች እኛንም አታመናጭቅም አልኩ።

ልጄ ታሪኩን ስትነግራት አላቋረጠቻትም። ከዚያ ገጹን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ ዝም ብላ። ቀና ብላ «እህቴ፣ ይሄ ተዘግቷል። አስከፍትልሻለሁ የሚልሽ ሁሉ ይዋሽሻል» አለቻት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ተነሥቼ ልወጣ ነበር። እኔ የመጣሁት ይቻላል እንድባል ነው! እሷ ግን ቀጠለች፦ «መጠየቅ ግን አልተከለከለም። የጥያቄ አድራሻ አስቀምጠዋል። የሆነውን እንጽፍላቸዋለን፤ እንቢ ካሉ ቀጣዩ መቼ እንደሚከፈት ይነግሩሻል፣ እሱም ትርፍ ነው።»

የሐኪሙን ወረቀት ነገር እኔው አነሣሁባት፤ እስቲ ምን ትላለች ብዬ። እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች። «እትዬ፣ ያልታመመች ልጅ ታማ ነበር ብላችሁ ጽፋችሁ ነገ ኤምባሲ ስትጠየቅ ምን ትላለች? እኔ አልጽፈውም፣ ሌላ ቦታም እንዳታስጽፉት» አለችኝ። አልተቆጣችም፣ ግን ቃሏ ቁርጥ ያለ ነው። ማንዴላ ዋሽንግተን የተባለውንም ስነግራት ሳቀች፦ «እሱ ዕድሜው ከ25 እስከ 35 ለሆነ ነው፤ ልጅዎ ገና 20ዋ ነው። ደግሞም ለማመልከት ብር አይከፈልበትም።» አያችሁ 15 ሺዋን? አፈር ልትበላ ነበር።

ደብዳቤውን ራሷ አልጻፈችውም፤ ይሄን ልብ በሉልኝ። ስክሪኑን ወደ ልጄ አዞረችና «አንቺ ጻፊው፣ አመልካቿ አንቺ ነሽ» አለቻት። ልጄ እንባ እንባ የሚል ረጅም ነገር ጻፈች። ልጅቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ እንደ ሰፌድ አንገዋለለችው። «ድሃ ነን የሚለው ይውጣ። እለምናችኋለሁ ከአንድ በላይ አይባልም። ሰውየውን መክሰስም አያስፈልግም፤ ሰዓቱ በአካባቢ ሰዓት ተቆጥሮ አለፈ በይ፣ ይበቃል።» መጨረሻ ላይ የቀረችው ከመዳፍ የማትበልጥ ነገር ናት። ምን እንደሆነ፣ ወረቀቱ ሁሉ ዝግጁ መሆኑ፣ ዘግይቶ የሚታይ ከሆነ እንዲያዩላት፣ ካልሆነም ቀጣዩን እንዲነግሯት። ከዚያ ጮክ ብላ አስነበበቻት። ሁለተኛውን ጊዜ ስታነብ የልጄ ድምፅ ተስተካክሎ ነበር።

ልትልክ ስትል ደግሞ ቆም አለች። ፓስፖርቱን አነሣች፣ ቅጂውን አየች፣ እንደገና ፓስፖርቱን። ያ የኢንተርኔት ቤቱ ሰውዬ በሞላው ፎርም ላይ የልጄን የልደት ዓመት 2005 ብሎታል፤ ፓስፖርቷ ላይ ያለው 2004 ነው። «ጥቅምት 1997 አይደለም የተወለደችው?» አለችኝ። አዎ አልኳት፣ በሚካኤል ማግስት። «በቃ 8 ደምሮባታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ የሚደመረው 7 ነው፣ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው 8።» ማለትም ያኔ በሰዓቱ ቢላክም ኖሮ ከፓስፖርቷ ጋር ይጋጭ ነበር! ይሄን ማንም አላየም። መምህሩ አላየም፣ ስንት ቢሮ አላየም። እሷ ናት ያየችው። ሌላም ብዙ ነገር ነካካች፤ የፎቶውን ክብደት ቀነስኩ ምናምን ትላለች፣ ፎቶ ምን ክብደት እንዳለው እግዜር ይወቀው፤ ብቻ አስተካከለችው።

መልሱ መጣ። እንቢ ነው ያሉት። ግን በጨዋ ደንብ፤ ለሁሉም የተዘጋ በመሆኑ ለአንድ ሰው መክፈት አንችልም፣ የሚቀጥለው ዙር ሲከፈት አመልክቺ፣ ስለጻፍሽልን እናመሰግናለን ብለው። ልጄ አለቀሰች። እኔም እሷ ሳታየኝ ወፍጮ ቤት ሄጄ አለቀስኩ፤ በርበሬ ነው ብል ማን ይጠረጥረኛል።

ሌላ ባለሙያ ቢሆን እዚህ ላይ ሥራው አልቋል። እሷ ግን ልጄን መልሳ ጠራቻት። ከደብተር ላይ ወረቀት ገንጥላ በመስመር ከፋፈለችው፤ በአንድ በኩል ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ክፍት የሆኑትን የአመራር ፕሮግራሞች፣ በሌላው የሚዘጉበትን ቀን በፈረንጅ፣ አጠገቡ በእኛ፣ መጨረሻ ላይ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር በቀይ እስክሪብቶ። የኒውዮርክ እኩለ ሌሊት በእኛ በአንዱ ወቅት ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሰዓታቸውን ሲያዞሩ ጠዋት 1 ሰዓት እንደሚሆን ሳይቀር ጽፋዋለች። ከእያንዳንዱ ቀን ፊት ደግሞ ሌላ ቀን አለ፤ «ለእኛ የሚዘጋው በዚህ ቀን ነው» ብላ ቀድማ ቆርጣለታለች። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሐዋሳ ነው እኮ ያለነው። የትንሹን ልጄን ክፍል ጠይቃ እሱንም አልረሳችውም። ጆሃንስበርግ ያለው አፍሪካን ሊደርሺፕ አካዳሚ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 19 የሆኑትን ለሁለት ዓመት እንደሚያስተምር ነግራው፣ ከአሁኑ እንግሊዝኛውን እንዲያጠና አዘዘችው። እኔ ስለው የማይሰማኝ ልጅ እሷን ሰማ!

ያ ወረቀት ሱቄ ውስጥ ከሚዛኑ በላይ ተለጥፏል። በርበሬ ተረጭቶበታል፣ አንዱ ጠርዙ በዘይት ወዝቷል። ደንበኞቼ ፎቶ እያነሡት ይሄዳሉ፤ አንዷ እንደውም ሽሮውን ትታ ወረቀቱን ነው ለማየት የመጣችው።

ከዚያ ወረቀት ላይ ነው የተሳካው። ልጄ በአንደኛው ተቀባይነት አግኝታለች! የቱ እንደሆነ፣ የት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እስክትሄድ ድረስ አልናገርም። የሰው ዓይን አለ። የሚያውቁት መምህሯና እኛ ብቻ ነን፣ እና ትንሹ ልጄ ከያዘልኝ። ልጅቷ ግን መልሱ ሲመጣ ከእኛ እኩል ነው እልል ያለችው፤ ጫማ ሰፊው ሥራውን ጥሎ ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ።

ስለ ክፍያ ለምትጠይቁኝ፦ የተቀበለችኝ የማተሚያና የስካን ብቻ ነው። ለዚያ ሁሉ ሰዓት የምክር ልከፍል ብል አሻፈረኝ አለች። አንድ ኪሎ በርበሬና ሽሮ ይዤላት ሄድኩ፤ እሱንም «ሲመዘን ስንት ነው?» ብላ ልትከፍለኝ ስትል ተጣላን። እኔ አሸነፍኩ።

የእኔ ልጅ፣ ይሄን ካነበብሽው፦ እጅሽ ይባረክ። ክፉ አይንካሽ። ወልደሽ ሳሚ፣ ልጆችሽን እንዲህ የሚያስተናግድ ሰው ይግጠማቸው። አንቺ ልጄን አልደለልሻትም፣ ብሬንም አልበላሽም፣ አጥፍተሻል ብለሽም አልወቀስሻትም።

እናንተም ስሙኝ። ልጆቻችሁ የትምህርት ዕድል፣ ሥልጠና፣ የሥራ ማመልከቻ ካላቸው ብር ለደላላ ከመስጠታችሁ በፊት እሷ ጋ ሂዱ። ጊዜው ያለፈባችሁም ሂዱ፣ ያለፈባችሁ በተለይ ሂዱ። ካልሆነ አይሆንም ትላችኋለች፣ ለዚህች ለራሷ መሄድ ያዋጣል። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ስለሚበዛ ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ፓስፖርትና የልደት ካርድ ዋናውን ያዙ፣ ቅጂ ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ትመልሳችኋለች። እና በአምላክ ዝርዝር ብር ይዛችሁ ሂዱ፤ ለማተሚያ 200 ብር ስትሰጧት መልስ ፍለጋ ጫማ ሰፊው ጋ ነው የምትሮጠው፣ እሱም የለውም።