ኤአር-3ኤ በደብረ ብርሃን፦ ከአሥራ አራት ወር በኋላ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ የገዛኋቸው ሁለት ኤአር-3ኤ ስፒከሮች እነሆ አሥራ አራት ወር ሞላቸው። ከእነዚህ ወራት መካከል ግን በወጉ ያገለገሉኝ ዘጠኙ ብቻ ናቸው፤ የቀሩትን አምስት ወራት ያሳለፉት ወፈራቸው (ጎርናናውን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ክፍል) ወልቆ፣ ሆዳቸው ተከፍቶ ጥገና ላይ ነው። ስለሆነም ይህን ግምገማ ስለ ድምፃቸው ብቻ ልጽፈው አልቻልኩም፤ ድምፁ እስኪገኝ ድረስ የሄደውን ገንዘብና ልፋት ትቶ ስለ ድምፁ ብቻ ማውራት አንባቢን ማሳሳት ይሆንብኛል። ገንዘቤን ያወጣሁት ብርቅ ስለሆኑ ነበር፤ ዛሬ የምሰማውን ድምፅ የሰጠኝ ግን ጥገናው ነው።

ኤአር የሚለው ምሕፃር አኩስቲክ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ ያመለክታል። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1954 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በካምብሪጅ ከተማ የመሠረቱት ኤድጋር ቪልቸርና ተማሪው የነበረው ሄንሪ ክሎስ ናቸው። እስከዚያ ዘመን ድረስ ጎርናናውን ድምፅ በቤቱ በቅጡ መስማት የፈለገ ሰው የቁም ሳጥን የሚያህል ስፒከር ማስገባት ነበረበት። ቪልቸር የኮኑን (እየተርገበገበ ድምፁን የሚያወጣውን ሾጣጣ) መያዣ ከተለመደው በላይ አላላው፤ ሳጥኑንም አየር እንዳያሾልክ አድርጎ ደፈነው፤ ከዚያ በኋላ በውስጡ የታፈነው አየር ራሱ ሞላ ሆኖ ኮኑን ወደ ቦታው ይመልሰው ጀመር። በዚህ ዘዴ የመደርደሪያ ቁመት ያለው ሳጥን የትልልቆቹን ያህል ወደ ጎርናናው ድምፅ መውረድ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1958 የመጣው ኤአር-3 የጉልላት ቅርፅ ያላቸውን ትዊተርና ሚድሬንጅ (ቀጭኑንና መካከለኛውን ድምፅ የሚያወጡትን ክፍሎች) ጨመረበት፤ በ1967 የተከተለው ኤአር-3ኤ ደግሞ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ተመርቷል። ባለ 12 ኢንች ወፈር አለው፤ በአምፕሊፋየሩ ላይ የሚያሳርፈው የኤሌክትሪክ ጭነት 4 ኦም ነው፤ አንዱ ሳጥን ወደ 24 ኪሎ ይመዝናል፤ ክብደቱን ደረጃ ሲወጡ ያስታውሱታል።

እኔ ያገኘኋቸው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አካባቢ በሚሠራ አንድ ደላላ በኩል ነው። ሻጩ «ከተገዙ ጀምሮ ያልተለያዩ መንትዮች ናቸው» ብሎ 75 ሺህ ብር ጠራ፤ በ62 ሺህ ተስማማን። ከስልኩ ጋር አገናኝቶ ለሦስት ደቂቃ ያህል ዘፈን አሰማኝ፤ ሁለቱም ይጮኻሉ፤ ልቤ ቀድሞ ስለሄደ ከዚያ በላይ አልመረመርኩም። በየሳጥኑ ልክ የሰው መቀመጫ ከፍዬ በአባዱላ ወደ ደብረ ብርሃን ሳመጣቸው ረዳቱ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር የንብ ቀፎ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። በኋላ ሳስበው ጥያቄው የሱቁን ሰው ማብራሪያ ያህል ዋጋ ነበረው።

ቤት አድርሼ ወፈሮቹን ፈትቼ ባወጣኋቸው ጊዜ መንትዮቹ የአንድ ዘመን ልጆች እንኳ እንዳልሆኑ ታየኝ። የግራው ወፈር ጠርዙ (ኮኑን ዙሪያውን የያዘው ቀለበት) ከጨርቅ የተሠራ፣ ማግኔቱም አልኒኮ የሚባለው የብረት ቅይጥ የሆነ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ነው፤ የቀኙ ግን ሴራሚክ ማግኔትና የፎም (የስፖንጅ) ጠርዝ ያለው፣ ኋላ የመጣው ዓይነት ነበር። ሁለቱም ትክክለኛ የኤአር ዕቃዎች ናቸው፤ ሆኖም አንዱ ሳጥን በአንድ ወቅት ወፈሩን ተነጥቆ ሌላ ተተክቶለታል። የቀኙ ፎም በጣት ሲነካ እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። ይህን በአምራቹ ላይ አላመካኝም፤ የዚያ ዘመን ፎም የማንም ስፒከር ላይ ቢሆን በዕድሜ ብዛት ይበሰብሳል። ጨርቁ ደግሞ ባይበሰብስም የተቀባው መድፈኛ እየደረቀ ሲሄድ አየር ማሳለፍ ይጀምራል።

ሱቁ ውስጥ ሳለሁ ላደርገው ይገባኝ የነበረው ፍተሻ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የወፈሩን ኮን በሁለት እጅ ጣቶች፣ ከመሃሉ ዙሪያ እኩል ተጭኖ በእርጋታ ወደ ውስጥ ማስገባትና መልቀቅ ነው። ሳጥኑ አየር ካላሾለከ ኮኑ ቀስ ብሎ እየተጎተተ ይመለሳል፤ ካሾለከ ግን ወዲያው ይፈናጠራል። ሲገባና ሲወጣ የመፋቅ ድምፅ ከተሰማ ኮይሉ (ከኮኑ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል) ከማግኔቱ ጋር እየተነካካ ስለሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ትቶ መሄድ ይሻላል። ትዊተሩንና ሚድሬንጁን ግን በጣት መንካት አይገባም፤ ለየብቻቸው እየሠሩ መሆኑን ጆሮ አስጠግቶ ማዳመጥ ይበቃል።

የመጀመሪያው ጥገና ያሳዘነኝ ነው። ሥራውን የተቀበለው ባለሙያ የግራውን ወፈር የጨርቅ ጠርዝ ጫማ ሰፊዎች በሚጠቀሙበት ማስቲሽ ዙሪያውን ቀብቶ መለሰልኝ። አየር ማሳለፉ በርግጥ ቆመ፤ ነገር ግን ማስቲሹ ሲደርቅ ጨርቁን እንደ ጠፍር ስላደረገው ኮኑ መንቀሳቀስ አቃተው። የቪልቸር አሠራር የቆመው በጠርዙ ልልነት ላይ ስለሆነ ጠርዙ ከጠነከረ የታፈነው አየር የሚሠራው ሥራ አይኖርም። ጎርናናው ድምፅ የጠፋበትን ሳጥን ለሦስት ሳምንት እየሰማሁ ጥፋቱን በአምፕሊፋየሩ ሳሳብብ ቆየሁ።

ከዚህ ያወጡኝ በከተማችን ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ወፈሩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ዳበሱና «ልጄ፣ ይህን የቀባው ሰው የጫማ ሶል መስሎት ነው» አሉ። «ጋሼ፣ ይለቅ ይሆን?» ብላቸው «ይለቃል፤ አንተ ብቻ አትቸኩል» ብለው አሰናበቱኝ። በአሴቶን የራሰ ጥጥ እያስነኩ ማስቲሹን በሁለት ቀን አነሡት። ሲደርቅ የማይጠነክረው የጎማ መድፈኛና ለቀኙ ወፈር የሚሆነው የፎም ቀለበት በመንገደኛ እጅ ከውጭ እስኪመጡ ድረስ ግን ሁለት ወር ተኩል ፈጀ። ፎሙን በለጠፉበት ዕለት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነበር። ሙጫው ገና ሳይጨብጥ ከስልክ የ30 ኸርዝ (በሰከንድ 30 ጊዜ የሚርገበገብ) ድምፅ በትንሽ አምፕ አድርገው ለቀቁበት፤ ኮኑ እየተርገበገበ ሳለ ጆሯቸውን ደቅነው በጣታቸው ጫፍ ቀለበቱን አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ በፀጉር ልክ እየገፉ የመፋቁ ድምፅ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ አስተካከሉት። ድምፁን ለወፈሩ፣ ለሚድሬንጁና ለትዊተሩ በሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር ላይ ያሉትን የ150፣ የ50 እና የ6 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮችም ለክተው ከተጻፈባቸው ርቀው የተገኙትን ለወጡ። ጥገናው ከነዕቃው 31 ሺህ ብር፣ ማለትም የግዢውን ግማሽ ወሰደ።

ቀጣዩ ችግር የተገለጠው በዐቢይ ጾም ማታ፣ የዓለሙ አጋን በገና ስሰማ ነው። በገና ለወፈር ፈተና ነው የሚሉ አሉ፤ በእኔ ልምድ የሚፈትነው ሚድሬንጁን ነው። ዐሥሩ አውታሮች የሚያወጡት ያ የሚነዝር ድምፅ የሚፈጠረው አውታሩ ከሥሩ ከተደረገችው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዚራዋ ጋር እየተነካካ ስለሆነ የእንዚራዋ ንዝረት ከአውታሩ መሠረታዊ ድምፅ እጅግ ከፍ ብሎ ይገኛል። የግራው ሳጥን ንዝረቱን ጥርት አድርጎ ሲያሰማ ከቀኙ የሚወጣው ግን ጉም የለበሰ ጉምጉምታ ብቻ ነበር። ከሳጥኑ ጀርባ ካሉት ሁለት መቆጣጠሪያዎች የሚድሬንጁን በጥቂቱ ባንቀሳቅሰው «ከረረር» አለና እንዚራዋ ከነሕይወቷ ተመለሰች፤ እጄን ሳነሳ እንደገና ጠፋች። አዛውንቱ መቆጣጠሪያውን በወፈሩ ቀዳዳ በኩል አውጥተው ሲከፍቱት መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። በስስ ብርጭቆ ወረቀት አብሰው መለሱት። ክረምቱ ሲወጣ ጥቂት ምልክት አሳይቶ ስለነበር አሁን በየወሩ መጀመሪያ አምፑን አጥፍቼ ሁለቱንም መቆጣጠሪያዎች ዐሥር ጊዜ ያህል ከዳር እስከ ዳር አዞራቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አላስቸገሩኝም። በነገራችን ላይ፣ በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን እትዬ በአጥሩ በኩል «ማን ነው ማታ ማታ የሚደረድርልን?» ብለው ጠይቀውኛል፤ ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

አሁን ደግሞ በሌላ አገር ግምገማዎች ውስጥ ያላገኘሁትን አንድ ነገር ላንሣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያንሳል። የፋብሪካው መግለጫ ወፈሩ ከሳጥኑ ውጭ በ18 ኸርዝ፣ ሳጥኑ ውስጥ ሲታሰር በ42 ኸርዝ እንደሚርገበገብ ይናገራል፤ ከዚህ ልዩነት እንደምንረዳው ኮኑን ከሚመልሰው ኃይል ውስጥ ከአምስት እጅ አራቱ የታፈነው አየር ነው። ሳጥኑ ቢደፈንም እጅግ ቀስ ብሎ ከውጭው ግፊት ጋር ስለሚስተካከል እኛ ዘንድ ያ ሞላ የሳሳ ሞላ ነው። በወረቀት ሳሰላው 42 የነበረው ወደ 37 ኸርዝ ገደማ ይወርዳል። እነዚህ ስፒከሮች ለዚሁ ነገር ተብለው የተሠሩ ይመስል፣ ደጋው ትንሽ ይበልጥ ጎርናና ያደርጋቸዋል ማለት ነው። ዋጋው ግን አለ፦ ኮኑ ያንኑ ያህል ቢንቀሳቀስም የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ ድምፁ ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ያንን ለማካካስ ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ያስፈልጋል።

ኤአር-3ኤ ደግሞ ያለዚህም ቢሆን ኃይል የሚበላ ስፒከር ነው። ቀድሞ የነበረኝ አምፕ ለ8 ኦም የተሠራ ስለነበር 4 ኦሙ ሲጫንበት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ክዳኑ እጅ የማያስነካ ሆነ፤ በሦስተኛው ሳምንት ፊውዙን በላ፤ በአምስተኛው አንዱ ወገኑ ዝም አለ። ስሱ አየር ሙቀትንም ቢሆን እንደ ቆላው አየር ፈጥኖ አይወስድም። አሁን የያዝኩት 4 ኦምን በግልጽ የሚቀበል፣ በየወገኑ 80 ዋት የሚሰጥና በስታቢላይዘር የሚሠራ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከሶኬቱ መነቀል እንዳለበት ግን ለቤተሰቡ ሁሉ አስተምሬያለሁ። ስፒከሩን የሚገዛ ሰው የአምፑን ገንዘብ ለብቻ ይያዝ።

ክፍሌ አራት በአምስት ሜትር ናት፤ ግድግዳው የተለሰነ፣ ኮርኒሱ ቺፕውድ ነው። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ይጋጭ ስለነበር ከጀርባዬ ባለው ግድግዳ ላይ ከመንዝ የመጣ ወፍራም የሱፍ ዝተት ሰቀልኩ፤ ለዚህ ሥራ የሚሸጥ ውድ ስፖንጅ ከዚህ የተሻለ የሚሠራ አይመስለኝም። ሳጥኖቹን ከግድግዳው ሁለት ስንዝር አርቄ ዝቅ ባለ የእንጨት መቆሚያ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ምንም ዓይነት ስፒከር ቢሆን ስለማይሰማ በእነዚያ ሰዓታት መዝጋት ነው።

ድምፁን በተመለከተ ትዊተሩ ለዛሬ ጆሮ ለዘብ ያለ ነው። ዛሬ የሚቀረጹ ዘፈኖች በእነዚህ ሳጥኖች ትንሽ የደበዘዙ ይመስላሉ፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ሰው ተሳስቷል አልልም። ነገር ግን የድሮ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችን ሳስቀምጥ ያ ለዘብታ በረከት ይሆናል፤ በሌላ ስፒከር ጆሮ የሚወጋው የሸክላ ጭረት ወደ ኋላ ይልና የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ከነትንፋሹ መሃል ላይ ይቆማል። የቤዝ ጊታሩ መስመር በሌሎች ስፒከሮች «ዱም ዱም» ብቻ የነበረ ሲሆን እዚህ ግን ኖታው ከኖታ ይለያል። የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ሲመታ የብረቱ ድምፅ ቀስ በቀስ ሲሞት እስከ መጨረሻው ይከተሉታል። ለጭፈራ ግን አይሆኑም። የእህቴ ልጅ ለጓደኛው ሠርግ እንዳውሰው በለመነኝ ጊዜ እምቢ ያልኩት በስስት ብቻ አልነበረም፤ በድንኳን ውስጥ በሙሉ ኃይል ቢነዱ ከእኩለ ሌሊት በፊት ትዊተሮቹ ይቃጠሉ ነበር።

በአሥራ አራቱ ወራት መጨረሻ ሁለቱም ኮኖች ሲጫኑ እየተጎተቱ ይመለሳሉ፤ የቀኙ ሳጥን የዋልነት እንጨት ልባጥ አንድ ጠርዙ ላይ በእርጥበት ተነሥቶ መልሼ አጣብቄዋለሁ፤ ከዚያ በቀር የጠፋ ነገር የለም። ሁለቱ ወፈሮች ግን ዛሬም አይመሳሰሉም፤ በገናው ሲወርድ የግራው ትንሽ ይበልጥ ይረጋጋል፤ ሌላ ሰው ላያስተውለው ይችላል፤ እኔ አንዴ ስለሰማሁት አይተወኝም። ስለዚህ ሁለተኛ ባለ አልኒኮ ወፈር እየፈለግሁ ነው። ያው ደላላ ባለፈው ሳምንት ደውሎ «አንድ አለኝ፣ ቶሎ ካልመጣህ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ብሎኛል። ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ቴስተሬን ይዣለሁ፤ ማግኔቱን ገልብጬ ሳላይ ግን ቀብድ አልሰጥም።