የሳይቤሪያ አይሪስ ወይስ ጢማሙ? የቱን እንግዛ?

አይሪስ የተባለውን አበባ ልትገዙ ስትወጡ ቀድሞ ዓይን የሚስበው ቀለሙ ነው። እኔ ግን ቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ዝናብ ሲዘንብ መትከያው ቦታ ውሃ ይተኛበታል ወይ?

ጢማሙ አይሪስ፣ ወደ ታች በሚዘነበሉት የአበባ ቅጠሎቹ ላይ ፀጉር ያለው ማለት ነው፣ ውሃ ከያዘ አፈር ጋር አይስማማም። እንደ ዝንጅብል የወፈረው ራይዞሙ፣ ማለትም በአግድም የሚያድገው ግንዱ፣ ከአፈር ብቅ ብሎ ፀሐይ ሊያገኘው ይገባል። ቀብራችሁት እርጥበት ከበዛበት ይበሰብሳል፤ ሽታው አይጣል ነው! የሳይቤሪያው ግን እርጥበት ይወዳል። ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ይተከላል። ትንሽ አሲዳማና ብስባሽ የበዛበት አፈር ይመቸዋል። ጉዝጓዝም ብታለብሱት ጥሩ ነው፤ ጢማሙ ላይ ግን እንዳትሞክሩት። ደግሞ እርጥበት ይወዳል ተብሎ ረግረግ ውስጥ አይተከልም። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ለሚያቁር ቦታ እሱም አይሆንም።

ፀሐይ ሁለቱም ይፈልጋሉ። የሳይቤሪያው ጥቂት ጥላ ይችላል፤ አበባው ግን ይቀንሳል።

በውበት፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ጢማሙ ይበልጣል። አበባው ትልቅ ነው፣ የቀለሙም ዓይነት ብዙ ነው። የሳይቤሪያው በአብዛኛው ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ወይም ነጭ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀው «ሲዛርስ ብራዘር» የተባለው የሳይቤሪያ ዝርያ ጥቁር ሐምራዊ ነው፤ ዛሬም ለጀማሪ የምመርጠው እሱን ነው። ግን የሁለቱም አበባ ሳምንታት ቆይቶ ይረግፋል። ከዚያ በኋላ የምታዩት ቅጠል ነው። እዚህ ላይ የሳይቤሪያው ያሸንፋል፤ ቀጭን ቅጠሉ ሣር መስሎ ቀጥ እንዳለ ይቆያል። የረጅሙ ጢማም አገዳ በነፋስና በዝናብ ስለሚወድቅ ድጋፍ ይፈልጋል፣ ቅጠሉም ቶሎ ይጎሳቆላል።

ጢማሙን በየ3 ወይም 4 ዓመቱ ነቅሎ መከፋፈል ግድ ነው። የሳይቤሪያው መሃሉ እስኪመለጥ ድረስ ብዙ ዓመት ሳይነካ ይቀመጣል። የሚከፈልበት ቀን ሲደርስ ግን ሥሩ ጠንካራ ነው፤ አካፋ፣ አንዳንዴም መጋዝ ያስፈልጋል።

ቀዝቃዛ ወቅት በሌለበት አካባቢ ከሆናችሁ የሳይቤሪያውን ተዉት፤ በደንብ ለማበብ ብርድ ያስፈልገዋል።

ስትገዙ ሥሩን እዩ። የጢማሙ ራይዞም ደርቆ ቢመጣ ችግር የለውም። የሳይቤሪያው ሥር ከደረቀ ግን አትግዙት፤ በማሰሮ ያለውን ፈልጉ። አንዲት ቡቃያ ብቻ ያለውንም እለፉት፣ ቢያንስ 3 ይኑሩት። በመጀመሪያው ዓመት ላያብብ ይችላል። ውሃውን ሳታቋርጡ ጠብቁት።