ቤት ለምትገዙም ለምትሸጡም፦ ይህችን ደላላ ሳታማክሩ ቀብድ አትክፈሉ

ወገኖቼ፣ በአደባባይ ላመሰግናት የምፈልጋት ሴት አለች። ሥራዋ ድለላ ነው። አዎ፣ ደላላ! የእናቴን የጀሞ ኮንዶሚኒየም ሸጣ ግራውንድ ላይ ያለ ቤት ያገኘችልን እሷ ናት። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ትቼዋለሁ።

እናቴ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ነበር። ሊፍት እንደሌለው ታውቃላችሁ። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆመች። ጎረቤት ሰው ሲሞት ድንኳኑን በመስኮት እያየች ታለቅስ ነበር።

ከዚህች ሴት በፊት ያየነውን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱ ደላላ ለእኛ የነገረን ዋጋ ሌላ፣ ለገዢው የነገረው ሌላ። ጉዱ የወጣው ገዢው መጥቶ ከእናቴ ጋር ፊት ለፊት ሲነጋገር ነው። መሃል ያለውን ብር ሊበላ ነበር! ሌላው ቤት ለማሳየት ብቻ ብር ተቀበለን፤ ያሳየን ቤት ደግሞ ቀድሞ የተሸጠ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ጭራሽ ገና 5 ዓመት ስላልሞላው መሸጥ የማይፈቀድ ኮንዶሚኒየም «በውክልና ይጨርሱላችኋል» እያለ ቀብድ ክፈሉ ብሎ ሲያጣድፈን ከረመ። ዛሬ ካልከፈላችሁ ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል ነው መዝሙሩ። እናቴ እንቅልፍ አጣች።

ይህችኛዋ ሰሚት አካባቢ አንድ ቤት ልታሳየን ወሰደችን። ቤቱ ጽድት ያለ፣ ቀለሙ አዲስ፣ ሴራሚኩ የሚያብረቀርቅ። እናቴ ገና ስትገባ ወደደችው። ደላላዋ ግን ሳሎኑን በቅጡ ሳታይ ወደ ብሎኩ ጀርባ ዞረች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ የፍሳሹን ክዳን ዙሪያ አየችው። ከዚያ ልብስ ወደምታሰጣ ጎረቤት ጠጋ ብላ «እህቴ፣ ይሄ መጨረሻ የሞላው መቼ ነው?» አለቻት። ሴትዮዋም «በየክረምቱ ነው እንጂ! እነሱ ቤት ሳሎን ድረስ ይገባል» አለች። ግድግዳው ለምን እንደታደሰ ያኔ ገባን።

የእናቴን ክንድ ይዛ «ማዘር፣ ይሄ ለእርስዎ አይሆንም። ሌላ እፈልጋለሁ» አለቻት። በዋጋ ተስማምተን ነበር እኮ! ኮሚሽኗን ልትቀበል ትንሽ ነበር የቀራት። ይህን የሚያደርግ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? እግዚአብሔር ይስጣት።

ብዙም አስተምራናለች። ቤት ቀን ብቻ አትዩ፣ ማታም ሂዱ፤ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ዘበኛውን ጠይቁ ትላለች። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ሳይፈርሙ ብር አይነካም። ስንሸጥ ደግሞ ዋጋ አናት ላይ ሰቅላችሁ ቤቱን ገበያ ላይ አታሰንብቱት፣ ሰው «ምን ቢገኝበት ነው?» ይላል ብላ መከረችን። ሰማናት፤ ቶሎ ተሸጠ።

እዳና እገዳውን ክፍለ ከተማ ሄዳ አጣራች። ሰነዶች ማረጋገጫ ስንፈርም ከጎናችን አልተለየችም። የወረቀቱ ነገር ለእኔ ዛሬም አይገባኝም፤ እሷ ግን አንድ በአንድ ታውቀዋለች። የወሰደችው የተስማማነውን 2 በመቶ ብቻ ነው። እናቴ አሁን እሁድ እሁድ ነጠላዋን ለብሳ ብቻዋን ትወጣለች።

እባካችሁ፣ ቤት የምትፈልጉ፣ በተለይ ውጭ አገር ሆናችሁ ለቤተሰብ የምትገዙ፣ ለማንም ብር ከመላካችሁ በፊት ከእሷ ጋር ተነጋገሩ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እልክላችኋለሁ። ቀን ቀን ቤት ስታሳይ ስለምትውል ከአመሻሹ 12 ሰዓት በኋላ ደውሉላት።